ሆድ ይፍጀው የማይባል የሆድ ነገር፦ «ሆስፒታል ሆቴል አይደለም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ይቺን አይተዋታል?» ብሎ ከሥሯ ሁለት የሳቅ ምልክት ደርድሮባታል። አላወቀም። ከሚሳቅባቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ርዕሱ «ሆስፒታል ሆቴል አይደለም» ይላል። ጸሐፊው በሆድ ሕመም ተኝተው የወጡ ሰዎች የሚያሰሙት ሮሮ ሰልችቷቸዋል። ነገራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ተቅማጥ ተራ ሕመም ነው፣ ታካሚው ግን ያጋንነዋል። በሽታውን ያመጣው ራሱ ነው፤ በጥሬ ሥጋው፣ ባልታጠበ እጁ፣ በየጠበሉ በሚጠጣው ውሃ። ሆስፒታሉ በየአልጋው ሳኒታይዘር ሰቅሎ ድርሻውን ተወጥቷል። መጋረጃ፣ ሽንት ቤት፣ ክብር ምናምን የሚለው ጥያቄ ቅንጦት ነው። ገና ከጅምሩ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ቢዋጥ ኖሮ አልጋ መያዝም አይመጣም ነበር። ድኖ ወጥቶ «አገረሸብኝ» የሚለው ሰው ደግሞ ወይ ምክር አልሰማም፣ ወይ ሕመሙን ለምዶታል።

እኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። መጀመሪያ 13 ቀን፣ ቀጥሎ 9 ቀን። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። እዚያ ያዳኑኝ ሰዎች አሉ፣ ያሳፈሩኝም አሉ። ለጸሐፊው ግን ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ቅደም ተከተሉ የእሳቸው አይደለም፣ የንዴቴ ነው።

በጣም ያበሸቀኝ «ያጋንናሉ» የሚለው ነው።

እስቲ አፋችንን እንስማው። ስለዚህ ጉዳይ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ታውቃላችሁ? «ወጣ ብዬ ልምጣ» ነው የምንለው። ገጠር «ሜዳ ወጥቷል» ይባላል። ሆዱ እየተቆረጠ ላብ ያጠመቀው ሰው «ሆዴ ትንሽ ደስ አላለኝም» ይላል። ምስጢር ስናፍን ራሱ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። እንግዲህ የሚፋጀው ሆዱ ራሱ ሲሆን ሰውየው ምን ይበል?

ጠዋት ሐኪሞች ይዞራሉ። ሰባት ስምንት ሆነው አልጋህን ይከባሉ። ከመሃላቸው አንዷ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ካርዴን ገልጣ «ቲቸር፣ ሌሊቱን ስንት ጊዜ አስቀመጠዎት?» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ እግዜር ይስጣት። ክፍሉ ውስጥ ግን 8 አልጋ አለ። በየአልጋው ሥር አስታማሚ አለ። «ሁለቴ ቢሆን ነው» አልኳት። 11 ጊዜ ነበር። ከ11ዱ ሁለቱን ሽንት ቤት አልደረስኩም። እሷም «ሁለት» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ?

ከጎኔ አንድ የተጉለት አባት ተኝተዋል። ሳንባ ምች ይዟቸው ገብተው፣ መርፌ ሲወጉ ሰንብተው፣ ሳንባቸው ሲሻላቸው ሆዳቸው ተነሣ። ይሄ የሆነው እኔ በገባሁ በአራተኛው ቀን ነው። አልጋዬ በር ሥር ስለሆነ የሚወጣውንም የሚገባውንም የማየው እኔ ነኝ። ሌሊቱን በሙሉ በትራቸውን እያንኳኩ ሲመላለሱ አድረው፣ ጠዋት ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ አንዴ ወጣ ብያለሁ» ይላሉ። የሚያስታምማቸው የገዛ ልጃቸው ነው። እሱ ዘወር ካላለ ፖፖ አይጠይቁም።

ይሄን ያየችው የማታዋ ሲስተር ናት። አንድ ማታ እህቴን «እታለም፣ እስቲ ያንን ቆሎሽን ስጪኝ» አለቻት። እህቴ ከመሐል ሜዳ ስትመጣ ለራሷ ስንቅ የባቄላ ቆሎ ይዛ ነበር። ሲስተር ሁለት የሻይ ብርጭቆ ከራስጌዬ አስቀመጠች። በአንዱ 20 ፍሬ ቆጥራ ጨመረች። «ከሽንት ቤት በተመለሱ ቁጥር አንድ ፍሬ ከዚህ ወደዚህ። ፖፖም ይቆጠራል። አልጋ ላይ ካመለጣቸውም ይቆጠራል። እሳቸው ምንም መናገር የለባቸውም» አለቻት። ለተጉለቱ አባትም እንደዚያው አደረገች።

ጠዋት ሐኪሞቹ ሲመጡ ማንም አልጠየቀኝም። ተማሪዬ ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን አየች። በጣቷ እየነካካች ቆጠረች። 14። ወደ ተጉለቱ አባት ዞረች። 12። ነገሩ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ግሉኮሱ ተጨመረ፣ የደም ምርመራ ታዘዘ፣ የሰገራችን ናሙና አዲስ አበባ ተላከ።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ከበደ? ሐኪም «ይሄ ተቅማጥ ነው» የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ቀጠን ያለው ሰገራ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። 14 ሲደርስ ደግሞ የወጣው ውሃና ጨው ካልተተካ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልብ ምት ይዛባል። «ሁለቴ» ያለ ሰው ግን የሚታከመው በሁለቴ ሂሳብ ነው። ጸሐፊው ሆይ፣ በ13 ቀን ውስጥ በዚያ ክፍል አንድም ያጋነነ ሰው አላየሁም። ሁላችንም አሳናሾች ነበርን። ዋጋ ያስከፈለንም ማሳነሳችን ነው።

ቀጥሎ «ራሳቸው ያመጡት ነው» ወደሚለው ልምጣ።

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው፣ አልክድም። በአገራችን አብዛኛው ተቅማጥ የሚመጣው ከተበከለ ውሃ፣ ከእጅና ከምግብ ነው። ኮሌራው፣ ታይፎይዱ፣ ጃርዲያው የሚገባው በዚያ በር ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ እጅ ታጠቡ» እያሉ በየመንደሩ የዞሩት በከንቱ አይደለም። ግን አብዛኛው ማለት ሁሉም ማለት አይደለም። የእኔን ሆድ ያሳመመው ቆሻሻ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

የጀመረኝ ጥርሴን ነው። የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል፣ ጉንጬ አብጧል፣ ለሐኪም ቀጠሮ ጊዜ የለኝም። ፋርማሲ ገብቼ «ለጥርስ የሚሆን ጠንከር ያለ» አልኩ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። እኔም አላፈርኩም፤ ሁሌ እንዲህ ነው የምንገዛው። መጀመሪያ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ። አልሻል ሲለኝ ክሊንዳማይሲን። ሁለቱም አንቲባዮቲክ ናቸው። ጥርሴ ዳነ። በአሥረኛው ቀን ሆዴ ተነሣ።

ክሊኒክ ሄድኩ። «አሜባ ነው» ተባልኩ። አሜባ አለብህ ያልተባለ የደብረ ብርሃን ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ቲኒዳዞል ዋጥኩ። ሌላ ክሊኒክ «ታይፎይድም አለ» አለኝ፣ ሲፕሮ የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ተጨመረልኝ። ሲፕሮው ጭራሽ አባሰው። ሆስፒታል የገባሁት በእህቴ ትከሻ ላይ ተደግፌ ነው።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስሙን ሰማሁ። ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል። ሐኪሞቹ አሳጥረው «ሲ ዲፍ» ይሉታል። ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ የተገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. በጤነኛ አራስ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ ስላስቸገራቸው «ዲፊሲል» አሉት፣ አስቸጋሪው እንደማለት። አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎችን አንጀት የሚያቆስለው እሱ መሆኑ የታወቀው ግን ቆይቶ በ1978 ነው። ተራው የሰገራ ምርመራ አያሳየውም። በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ ይታያል፤ ለዚህኛው ግን መርዙን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈልገው የኖርኩት የሌለበት ቦታ ነው።

ተማሪዬ ስታስረዳኝ በማሳ መሰለችልኝ። የገበሬ ልጅ ናት። አንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ደህና ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ገብሱ ናቸው። አንቲባዮቲክ ሲገባ የጥርሱን ጠላት ብቻ መርጦ አያጭድም፣ ገብሱንም ያጭዳል። ባዶ በቀረ ማሳ ላይ ቀድሞ ራሱን ቀና የሚያደርገው ሙጃው ነው። ይሄኛው ሙጃ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። አንጀትን የሚልጠው መርዙ ነው።

የተጉለቱ አባትስ? ጥርስ አላመማቸውም፣ ፋርማሲ አልሄዱም። ጥሬ ሥጋም ከተዉ ቆይተዋል፣ ጥርሱስ የት አለና! ለሳንባቸው የተወጉት መርፌ አንቲባዮቲክ ነበር፣ ያስፈልጋቸውም ነበር። ማሳው በዚያ ተራቆተ። ሙጃውን ያገኙት እዚያው ሆስፒታል ነው። ከማን ይሆን? ማን ያውቃል። የበሩን እጀታ በሌሊት 14 ጊዜ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ይሄን ሳስብ እስካሁን ይጨንቀኛል። «ራሳቸው ያመጡት» የሚለውን ቃል ስታነቡ እኚህን ሰው አስቡልኝ።

ጠበሉን ለምን እንደጎተቱት አልገባኝም። በእኛ በኩል ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ የማይሄድ ማን አለ? እህቴም በሃይላንድ ይዛልኝ መጥታለች። ሐኪሙ አልተቆጣም። «ሆድዎ እስኪረጋ መጠጡ ይቆይዎት፣ ይረጩ። መድኃኒቱን ግን አንዲት ቀን እንዳያቋርጡ» አለ። እህቴ ጠዋት ጠዋት አልጋውን ትረጫለች፣ ከዚያ ክኒኔን ታቀብለኛለች። በዚህ ጉዳይ የተጣላ ሰው አልነበረም። ጸሐፊው ብቻ ናቸው።

ሳኒታይዘሩ ላይ አልቆይም። በየአልጋው ተሰቅሏል፣ እውነት ነው። እኔም በቀን አርባ ጊዜ እጄን አሽቼበታለሁ። ግን ይህ ባክቴሪያ ሲከፋው ስፖር ይሆናል፤ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል። አልጋ ብረት ላይ፣ በር እጀታ ላይ ወራት ይቆያል። አልኮል ያንን ቅርፊት አይገድለውም። እጅ ላይ ያለውን አጥቦ የሚያወርደው ውሃና ሳሙና ነው። ዕቃና ወለል ላይ ያለውን የሚገድለው በረኪና ነው። የእኛ ክፍል ሽንት ቤት ቧንቧ ከቀትር በኋላ ይደርቃል። አንድ ሰማያዊ በርሜልና አንድ ጆግ አለ። ጆጉን የሚይዘው ሁሉም ነው። እንግዲህ ሳኒታይዘሩን ሰቅሎ ውሃውን የነሣን ሆስፒታል ድርሻውን ተወጣ ይባላል?

ድርሻዋን የተወጣች አንዲት ሴት አውቃለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ሲ ዲፍ» የሚለውን ቃል ሰምታው አታውቅም። ግን በረኪና አትቆጥብም። እጀታውን፣ የአልጋውን ብረት፣ የግሉኮስ መስቀያውን ሳይቀር ትፈገፍጋለች። በረኪናው አፍንጫዬን ሲያቃጥለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጥንድ ጓንት ነበራት፣ የአንደኛው አውራ ጣት ተቀዷል።

እሺ፣ ሆቴሉስ?

«መጋረጃ ጠየቁ፣ ሽንት ቤት ይቅረብልን አሉ» ብለው ተሳልቀዋል። እህቴ መጋረጃ አልጠየቀችም። የመንዝ ባናዋን በገመድ አንጠልጥላ እኔን ከለለችኝ። ከዚያ ባና ኋላ ነው መጀመሪያ ጊዜ ሳልሸማቀቅ ፖፖ ላይ የተቀመጥኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ አይታ ጮኸች። «እትዬ፣ ይሄ ሱፍ በረኪና አይችልም፣ በሽታውን ይዞት መንዝ ይገባል!» እውነቷን ነው። በማግስቱ ባናው ወርዶ ፀሐይ ላይ ዋለ፤ በምትኩ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ። አንሶላ ይቀቀላል። በሁለት ሜትር ጨርቅ ያለቀ ነገር ነው፣ ምን ሆቴል አለው?

ይሄን ነገር ቅንጦት ያደረጉ ሰዎች ሌላ አገርም ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ በሜይድስቶንና በአካባቢው ባሉ ሆስፒታሎች ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ይኸው ባክቴሪያ ተሰራጨ። ከ1,100 በላይ ታካሚዎች ተያዙ። በ2007 የወጣው የመንግሥት ምርመራ ለ90 ያህል ሰዎች ሞት ዋናው ወይም ሳይሆን የማይቀረው ምክንያት እሱ ነው አለ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ሳነበው ወረቀቱን ዘግቼ ተነሣሁ። ነርሶች ጊዜ ሲያጥራቸው፣ ሽንት ቤት ውሰዱን የሚሉ ታካሚዎችን «አልጋው ላይ ልቀቁት» ይሏቸው ነበር። እንግሊዝ ነው እንግዲህ፣ ገንዘብም ሆነ ቧንቧ ያልቸገረው። ታካሚ አልጋው ላይ ሲለቅ ክብሩ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ስፖሩ አንሶላው ላይ ነው፣ አንሶላውን ያነሣው እጅ ላይ ነው፣ ያ እጅ ቀጥሎ የነካው ሰው ላይ ነው። የሽንት ቤት ጥያቄ የሕክምና ጥያቄ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል ያሉትን ግን እቀበላለሁ። ሌሊት ለሁለት ክፍል አንዲት ሲስተር ናት። የባቄላውን ዘዴ ያመጣችውም ያቺው አንዲት ሲስተር መሆኗን አይርሱ።

አሁን አደገኛው ላይ ደረስን። «ገና ከጅምሩ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ቢዋጥ።»

ይሄን አንብቦ ዛሬ ማታ ፋርማሲ የሚሄድ ሰው አለ። እለምነዋለሁ፣ አይሂድ። እኔ የሄድኩት በዚያ መንገድ ነው። ማሳውን ያራቆተው «ጠንከር ያለው» ነው። ተቅማጡ ከአንቲባዮቲክ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ያ አንቲባዮቲክ መቆም ይችል እንደሆነ ነው፤ ያንን የሚወስነውም ሐኪም ነው። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ከራስ አይወሰድም፤ መርዙን ውስጥ ይዞ ያቆየዋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሐኪም ጋ እስኪደርስ ማድረግ የሚችለው ለምለምን፣ ያንን በፓኬት የሚሸጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። በ1 ሊትር ነው ያልኩት። ብርጭቆ ውስጥ ሙሉውን ፓኬት ገልብጣ የሰጠችኝን ጎረቤቴን አልወቅሳትም፣ ግን ትክክል አልነበረም።

አዎ፣ ይሄ ባክቴሪያም የሚታከመው በአንቲባዮቲክ ነው፣ በተገኘው አንቲባዮቲክ ሁሉ ግን አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሜትሮኒዳዞል ነበር፣ ፍላጅል የምንለው። ተሻለኝ፣ ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስገባ ቫንኮማይሲን ታዘዘልኝ። በቀን 4 ጊዜ፣ ለ10 ቀን። እህቴ ደብረ ብርሃንን አዳርሳ ስታጣው አዲስ አበባ ሄደች። የተገኘው ለመርፌ የሚሆን ዱቄት በብልቃጥ ነው። ፋርማሲስቱ «ይሄ በደም ሥር ነው የሚሰጠው» ብሎ ተከራከራት። ስልክ ደወለች፣ ሐኪሙ አስረዳው። በደም ሥር ከገባ አንጀቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጋ አይደርስም፣ መጠጣት አለበት። አንዷ ብልቃጥ 500 ሚሊግራም ናት፤ በ4 ተከፍላ የአንድ ቀን ትሆናለች። 10 ብልቃጥ። የወር ደሞዜን ገሚስ በላች። ነርሷ በውሃ በጥብጣ በመርፌ ቀድታ በትንሿ ኩባያ ትሰጠኛለች። መራራነቱ ከኮሶ ይስተካከላል ብል ኮሶ የጠጣ ሰው ይፈርድብኛል፣ ግን ይቀርበዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ማገርሸት ነው። «ምክር አልሰማም፣ ወይ ለምዶታል።»

ከ5 ታካሚ ወደ 1 ያህሉ ይመለስበታል። አንዴ የተመለሰበት ደግሞ ድጋሚ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ምክንያቱ አለመታዘዝ ላይሆን ይችላል። ስፖሩ መድኃኒቱን ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ ገብሱ ተመልሶ ሳይበቅል መድኃኒቱ ካለቀ ሙጃው እንደገና ይነሣል። እኔ አንዲት ክኒን አላለፈችኝም። እህቴ አለችኝ እኮ! በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ።

ነገሩ ምን ያህል የማሳ ጉዳይ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ በተደጋጋሚ ያገረሸባቸውን ሰዎች ከፋፍለው ሞከሩ። ለአንደኛው ወገን የጤነኛ ሰው ሰገራ ተበጥብጦ በቱቦ አንጀታቸው ውስጥ ገባ። ከ16ቱ 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ በጣም ስለሰፋ ጥናቱን ከጊዜው በፊት አቆሙት። ይሄን ለእህቴ ሳነብላት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ከማን?» አለች። ያን ቀን ከታመምኩ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሆዴን መያዜ ለሳቅ ብቻ ባይሆንም።

ጸሐፊው «ድኖ ወጥቶ» ሲሉ የወጣው ሰው ምን ይዞ እንደወጣ አያውቁም። እኔ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አሁን የማውቀው በሽንት ቤት ነው። ጫጫ አንድ ቁርስ ቤት አለ፣ ባለቤቷ አትቆጣም። ሸኖ ነዳጅ ማደያው ቁልፍ ያስጠይቃል። አለልቱ የለም በሉት። ሰንዳፋ ከደረስኩ እተርፋለሁ። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ እኔ ግን የማስበው አራት ቦታ ነው። ሚኒባስ ስገባ የምቀመጠው በር ሥር ነው። ቅዳሴ የምቆመው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ነው፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መሃል አልቀመጥም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሆዴ ሲጮህ እጄ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ሽሮው ነው። ግን እስኪረጋገጥ ድረስ ልብ አይረጋም። ከእንዲህ ያለ ኢንፌክሽን በኋላ አንጀት ለወራት ቁጡ ሆኖ እንደሚቆይ ሐኪሞች ያውቁታል። ይሄ መልመድ ከተባለ፣ አዎ፣ ለምጄዋለሁ።

የተጉለቱ አባት ከእኔ በኋላ ወጥተው እሳቸውም አገርሽቶባቸው ተመልሰው ነበር። አሁን ቤታቸው ናቸው። ይሄን ጽሑፍ ስጀምር ለልጃቸው ደወልኩ።

«አባባ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነኝ ይላሉ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ብርጭቆው ምን ይላል?»

ስልኩን እንደያዘ ሄደ። ፍሬዎቹ ብርጭቆው ውስጥ ሲንኳኩ ይሰማኛል።

«አንድ» አለኝ።

ከኋላው የአባባ ድምፅ መጣ። «ሦስት ነው በለው! ሁለቱን አንተ ሳትነሣ ነው የወጣሁት!»

«ነገ በጠዋት ይዘሃቸው ና» አልኩት።